የዑመይር እንቅልፍና የእናቴ ድምፅ

ጥቅምት 9

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ልጄ ዑመይር ቀኑን ሙሉ ተኛ። ባጃጅ ሲያልፍ፣ አዛን ሲጠራ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲመታ... ንቅንቅ የለም። ሲመሽ ግን ዓይኑን አፍጦ ይነሳል። ቀኑን ሌሊት አድርጎታል።

አክስቴ ሰልሚያ የቡላ ገንፎ አቀረበችልኝ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከእንሴኖ ቡታጅራ ድረስ የመጣችው ልታርሰኝ ነው።

"ብዪ እንጂ! ወተቱ ከየት ይመጣል?"

በላሁ። ባለቤቴ ሳላሀዲን ወደ ሞባይል መጠገኛው ሲወጣ ግንባሬን ሳመኝ። "ትንሽ ተኚ" አለኝ። መቼ?

እናቴ ከሪያድ ቮይስ ልካለች። "ልጄ፣ ጠባልሽ? ተኛልሽ?" ይኸው ነው። ደጋግሜ ሰማሁት።

ጥቅምት 14

አክስቴ ሄደች። በርበሬዋ ደርሷል። ሳይለቀም ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል። በር ላይ ቆማ "አይዞሽ ናጃህ፣ እናትነት ራሱ ያስተምራል" አለችኝ። እኔን ለምን አላስተማረኝም ታዲያ?

ጎረቤቴ ምስጋና የወለደች ጊዜ እናቷ ከአገና መጥታ ነበር ያረሰቻት። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። እናትና ልጅ ስለ ምንድን ነው የሚያወሩት?

ጥቅምት 15

ጠባ። ተኛ። ነቃ። አለቀሰ። ጠባ። እኔም አለቀስኩ።

ጥቅምት 20

እናቴ በቪዲዮ ደወለች። "እስቲ አሳዪኝ" አለች። ስልኩን ወደ ዑመይር አዞርኩ። ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ የኔን ይመስላል...

ከኋላዋ ሕፃን ጮኸ። "ማማ! ማማ!" የምትሠራበት ቤት ትንሹ ልጅ ነው።

"ቆይ አንዴ" ብላኝ ሄደች። ስልኩ ጣራውን እያሳየኝ ቀረ። ነጭ ጣራ። ድምፅዋን ብቻ እሰማለሁ። በዐረብኛ ታባብለዋለች፣ ቀስ ብላ... ከዚያ ታንጎራጉራለች። እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ልጁ ዝም አለ።

ስትመለስ "ተኛ?" አልኳት።

"ተኛ።"

"እኔንስ እንዴት ነበር የምታስተኚኝ?"

ዓይኗን ከስልኩ አሸሸች። "ኔትዎርኩ አስቸገረ" አለችና ተዘጋ።

ኔትዎርኩ ደህና ነበር።

ጥቅምት 24

ጤና ጣቢያ ሄድን። ክብደቱ አልጨመረም። ሚዛኑ ላይ እግሩን ሲያንፈራግጥ አንጀቴን በላው።

ነርሷ ቤዛ ትባላለች። ከሰሜን የመጣች ናት፣ ከኔ ብዙም አትበልጥም። "ውሃ ወይ የላም ወተት ሰጥተሽዋል?" አለችኝ። ሰዎች ስጪው ብለውኛል፣ እኔ ፈርቼ ተውኩት። "እንኳን ተውሽው! አሁን አጥቢውና ልይሽ።"

አየችኝ። "ጫፉን ብቻ ነው የያዘው። አፉን በደንብ ሲከፍት ጠጋ አድርጊው። ጥቁሩም ይግባለት።" እጄን ይዛ አሳየችኝ። የጡቴ ሕመም ቀነሰ። ሲውጥ ተሰማኝ... እስከዛሬ ምን ነበር የሚጠባው? ጡት ላይ እንቅልፍ ከወሰደው ውስጥ እግሩን ኮርኩሪው፣ ቀን ቀን መስኮት ክፈቺለት፣ ሲመሽ መብራቱንም ወሬውንም ቀንሺ አለችኝ።

"እናትሽ የሉም?"

"አሉ" አልኩ። "ሩቅ ናቸው።"

ጥቅምት 28

እናቴ ትደውላለች። አላነሳም።

ሳላሀዲን "ለምን?" አለኝ።

"ምን ልበላት?"

"ናፍቀሽኛል በያት።"

"የኔ ናፍቆት ምን ያደርግላታል? እዚያ ልጅ አላት።"

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ። ሳላሀዲን አልተቆጣኝም። ዑመይርን ትከሻው ላይ አድርጎ ጀርባውን መታ መታ ሲያደርገው፣ ልጁ እንደ ሽማግሌ አገሳ። ሳንወድ ሳቅን።

ኅዳር 3

ዛሬ ረጅም ቮይስ ላከች። በሥራ መሃል የቀዳችው ይመስላል፣ ከኋላ ውሃ ይፈሳል። እንዳልረሳው ልጻፈው።

"ናጃህዬ፣ ያን ቀን የጠየቅሽኝን... ኔትዎርኩ አልነበረም። አባትሽ ሲሞት ገና ትጠቢ ነበር። ጡት ሳላስጥልሽ ነው የሄድኩት። አውሮፕላን የገባሁት ደረቴን በነጠላ አስሬ ነው። ያኔ እዚህ እንደደረስኩ የማዳም ልጅ ሲያለቅስ ወተቴ ይፈስ ነበር። አንቺ ያለቀስሽ እየመሰለኝ። አባያው ጥቁር ነው፣ ማንም አላየብኝም። እንዴት ታስተኚኝ ነበር አልሽ... እኔ መች አስተኝቼሽ! አንቺ ነበርሽ እኔን የምታስተኚኝ። ደረቴ ላይ ስትሆኚ ወዲያው ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።"

ልመልስላት ጀመርኩ፣ አጠፋሁ። እንደገና ጀመርኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ "እማዬ፣ የምትልኪው ገንዘብ ይቅር። ነይልን" አልኳት።

ይህን ብያት አላውቅም። እሷ "በሚቀጥለው ዓመት ኢንሻአላህ" ስትል እኔ "ኢንሻአላህ" ማለት ነበር ልማዴ።

ኅዳር 6

ሰምታዋለች። መልስ የለም።

ኅዳር 19

ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ይዤው እወጣለሁ። ቀን ቤቱ ክፍት ነው፣ ሬዲዮ አለ፣ ምስጋና እየገባች ታወራለች። ሲመሽ አጥበዋለሁ፣ ገላውን አሸዋለሁ፣ ከዚያ ጡት። እያወቀው መጣ መሰለኝ። ሚዛኑም ጨመረ! ቤዛ "ማሻአላህ!" ስትል ሳቄ መጣ፣ የኛን አፍ ለምዳለች።

እናቴ ጻፈች። "ከማዳም ጋር እየተነጋገርኩ ነው። ዱዓ አድርጊ።"

አትመኚ አልኩ ለራሴ። ስንት ጊዜ ተመኝቼ... ዱዓ ግን አደረግሁ።

ታኅሣሥ 8

ትኬት ተቆርጧል። ጠቅልላ ነው የምትመጣው። ጠቅልላ!

ምን ልሥራላት? የምትወደውን አላውቅም። የገዛ እናቴን... እንሴኖ ደውዬ አክስቴን ጠየቅኩ። "ጎመን በአይብ ነበር የምትወደው" አለች። ከዚያ "ዛሬ እንኳ ምን እንደምትወድ እንጃ" አለችኝ።

ታኅሣሥ 15

ሳላሀዲን ቦሌ ሄዶ ተቀበላት። በሚኒባስ መጡ። በር ላይ ሳያት ስልክ ላይ ከምትታየው አጠር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ተቃቀፍን። ማን ቀድሞ እንደሚለቅ አላወቅንም።

ዑመይር ተኝቶ ነበር። እንዳትነካው እጇን ወደኋላ አድርጋ አልጋው አጠገብ ቆመች።

"አንሺው" አልኳት።

"የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም። ይተኛ።"

ከዚያ ተቀመጥን። "ሻይ ላምጣ?" "እሺ።" ስኳር ትወጃለሽ ብዬ ጠየቅኳት፣ እንደ እንግዳ። በልቤ ስንት ዓመት ሳወራት ኖሬ፣ ፊቴ ስትቀመጥ ቃል ጠፋኝ።

ድንገት "ያ ልጅ ስወጣ አለቀሰ" አለች። "ዛሬ ማን ያስተኛው ይሆን?"

እቀናለሁ ብዬ ነበር። አሳዘነኝ። እሱም፣ እሷም።

ታኅሣሥ 16

ዑመይር ከቀትር በኋላ ነቃ። እናቴ አነሳችው። አንጎራጎረችለት። እሪ አለ! ወዘወዘችው፣ ባሰበት። ፊቷ ተለዋወጠ። መልሳ ሰጠችኝ።

"አንቺን ነው የሚያውቀው" አለች። "ግድ የለም። እንተዋወቃለን።"

አፉን ከፍቶ ሲጠጋ አየችን። ሲውጥ ሰማች። "ማን አሳየሽ?" አለችኝ። ስለ ቤዛ ነገርኳት። ስለ ሚዛኑ፣ ስለ በርበሬው፣ ብቻዬን ስላለቀስኩበት ቀን... ወሬው ከየት እንደመጣ እንጃ። አንዱ አንዱን እየጎተተ ወጣ።

ጡቱን እንደያዘ ተኛ። እናቴ ቀስ ብላ ተቀብላኝ አስተኛችው። ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ።

"የት ነው?"

"ጨርቁ አልታጠበም..."

"እኔ አጥበዋለሁ። አንቺ ተኚ።"

ራሴን ጭኗ ላይ አደረግሁ። ከብዷት እንደሆን ልጠይቃት ፈለግሁ፣ አልጠየቅኩም። እጇ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ሻካራ ነው፣ የበረኪና ሽታ አለው።

"እማዬ፣ ስነቃ..."

"እዚሁ ነኝ።"

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነበር። ሰፈሩ ይንጫጫል። ተኛሁ።