ከደብተሩ የተነቀሉ አስራ አንድ ጨርቆች

ሰበታ፣ መጋቢት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ ረምዚያ፣

ይህን ደብዳቤ ወዴት እንደምልከው ሳላውቅ ነው የምጽፍልሽ። ወንድምሽ ሀሰኖ ቡታጅራ ላይ ሰደቃ አውጥቶልሻል። ለሞተ ሰው የሚባለው ሁሉ ተብሎልሻል። ከጥር ወዲህ ግን «ረምዚያ ልካን ነው» የሚሉ ሰዎች ቤቴ ይመጣሉ። እስካሁን አስር መጥተዋል። ስለዚህ ለሞተ ሰው ይሁን በሕይወት ላለ ሰው የምጽፈው አላውቅም። እንዲሁ ልጀምር።

ድሪቶ መስፋት የጀመርኩት ባለፈው ነሐሴ ነው። በተቃውሞው መንገዱ በድንጋይ እየተዘጋ ቢሮ መግባት ቀርቶ ነበር። ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት ሲሰለቸኝ ልብስ ስፌት ሱቅሽ መጣሁና መርፌ አያያዝ አስተምሪኝ አልኩሽ።

«ምን ልትሰፊ?»

«ብርድ ልብስ። ከቁርጥራጭ።»

«ድሪቶ በያ! የመንግሥት ሠራተኛ ድሪቶ ልትለብስ! ወላሂ ሄጄ ደመወዝ ጨምሩላት እላቸዋለሁ።»

እየሳቅሽ አንድ ከረጢት ሙሉ ቁርጥራጭ ሰጠሽኝ። አሠራርሽን ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት። ሰው ጨርቁን ይዞ ሲመጣ ከጫፉ መዳፍ የምታህል ትቆርጫለሽ። ስሙንና ልኩን ከጻፍሽበት ገጽ ላይ በስፒል ትወጊያታለሽ። ባለቤቱ ልብሱን ሲወስድ ትነቅያትና ከረጢቱ ውስጥ ትጥያታለሽ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የወሰዱት ሰዎች ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ገና ያልወሰዱት።

«ከከረጢቱ የፈለግሽውን ውሰጂ። ደብተሩን ግን እንዳትነኪ።»

«ለምን?»

«ልብሱ እኔ ጋ ነዋ። የሰው አማና፣ የሰው አደራ ነው።»

በየሁለት ቀኑ የሰፋሁትን ይዤልሽ እመጣ ነበር። አንቺ ደግሞ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገሽ ታዪውና ትፈችዋለሽ። «ይሄ ስፌት ነው የጅብ ጥርስ?» ትያለሽ። «ቋጠሮሽን ወደ ውስጥ ደብቂ እንጂ፤ የቢሮ ማህተም መሰለሽ እንዴ ላዩ ላይ የምታትሚው?» አንድ ቀን መደርደሪያሽ ላይ ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅ አየሁ። ዳሰስኩት። ለእኔ ዕድሜ አይሆንም ብዬ መለስኩት። «ዕድሜሽን ጨርቁ በምን ያውቃል?» አልሽኝ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም በራሴ ቃል ልበለው።

መስከረም 24፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከዋናው መንገድ በኩል ጭስ ይነሳል። ተኩስ ይሰማል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይሰማል። የምሠራው መዝገብ ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የማስተር ፕላኑ ካርታ የተሰቀለው ከወንበሬ ጀርባ ነበር። ገበሬ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «የኔ መሬት የቱ ቀለም ውስጥ ገባ?» ሲል «ነገ ይመለሱ» የምለው እኔ ነበርኩ። ፕላኑ ቀረ ከተባለ ወራት አልፎ ነበር። ካርታው ግን አልወረደም፤ ፊቴንም ሰው አልረሳም። ስለዚህ በሩን ቀርቅሬ፣ ድሪቶዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር።

በሩ ሶስት ጊዜ ተንኳኳ።

«ውቤ፣ እኔ ነኝ።»

መርፌው ግማሹ ጨርቁ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም፣ አላሳለፍኩትምም። የግቢዬ ቆርቆሮ በር ከስሩ አንድ ስንዝር ክፍት ነው። ጫማሽ ታየኝ፤ አረንጓዴው ሸራ። ከኋላሽ ማን እንዳለ አላወቅሁም። በሩን ብከፍት ካንቺ ጋር የሚገባውን ፈራሁ። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ደግመሽ አላንኳኳሽም። ጫማሽ አልተንቀሳቀሰም። ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆምሽ። ከዚያ ደብተሩ በበሩ ስር ቀስ ብሎ ገባ። እሱን አይቼ ዓይኔን ስመልስ ጫማሽ የለም። የሚሄድ እግር ግን አልሰማሁም፤ ውጭው ደግሞ ጠጠር ነው።

ሱቅሽ የዚያን ቀን ነደደ። ማን እንዳቃጠለው አላየሁም። አየን የሚሉትም ሶስቱ ሶስት ዓይነት ነው የሚናገሩት።

ሀሰኖ ጥቅምት ላይ መጣ። ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞረ፣ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ዋለ። በመጨረሻ እኔ ጋ መጥቶ ቆሞ ጠየቀኝ።

«አንቺ ጋ አልመጣችም?»

«አላየኋትም።»

እውነት ነው። ያየሁት ጫማሽን ነው።

ኅዳር ላይ ከረጢቱ አለቀብኝ። ድሪቶውን ከዳር ወደ መሀል ነበር የምሰፋው፤ ልክ መሀሉ ላይ አንድ መስመር ቀረኝ፤ አስራ አንድ ጨርቅ ይፈልጋል። ሌላ ጨርቅ ገዝቼ መሙላት እችል ነበር። እኔ ግን ደብተሩን አወጣሁ። ስሞቹን ላለማንበብ ገጹን በመዳፌ ሸፍኜ ስፒሉን ብቻ ነቀልኩ። አስራ አንድ ገጽ፣ አስራ አንድ ጨርቅ፤ ቁጥሩ ልክ መጣ። የትኛው ከየትኛው ገጽ እንደተነቀለ ምልክት አላደረግሁም። ያ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊም ነበረበት። ሌላም ሰው ወዶታል ማለት ነው ብዬ ማዕከሉ ላይ አደረግሁት። ከውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ ከተትኩ፣ ከጀርባው አቡጀዴ አለበስኩት። ስፌቱ አንቺም ብታዪው የማትፈችው ነበር።

አጥቤ አሰጣሁት። ዳር ዳሩ ሳሙና ይሸታል። መሀሉ ላይ ያለው መስመር ጭስ ይሸታል። ደብተሩ እሳት ያለበት አልደረሰም፤ እኔ ቤት ነበር። ሶስት ጊዜ አጠብኩት። ሶስት ጊዜም ጭስ ሸተተ።

በጥምቀት ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፣ በሩ ሶስት ጊዜ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኦቦ ሞቱማ ናቸው፤ የዓለም ገናው ገበሬ፣ ሱሪ የምትሰፊላቸው። በመስኮቴም አውቃቸዋለሁ።

«አካም ጅርታ?»

«ደህና ነኝ ኦቦ። እርስዎስ?»

«ረምዚያ ናት የላከችኝ። ጨርቅዎ ውብአየሁ ዘንድ ነው አለችኝ።»

በሩን ይዤ ቆምኩ። «መቼ?»

«በቀደም። ገበያ መሀል።»

«አዩዋት?»

«ጀርባዋን ሰጥታ ጨርቅ በክንዷ ትለካ ነበር። ፊቷን አላየሁም፤ ድምጿ ግን አይጠፋኝም፤ አስር ዓመት ሰፍታልኛለች። ‹ሶስቴ ያንኳኩ። ካልከፈተች ይጠብቁ፤ ቤት ውስጥ ናት› አለችኝ።»

ረምዚያ፣ ሶስት ጊዜ ማንኳኳትሽን ለማንም አልተናገርኩም።

ድሪቶውን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ሳያመነቱ ጣታቸውን ቡናማው ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ነው። ልጄ የገዛልኝ፤ ሊታሰር ሳምንት ሲቀረው።»

«ድሪቶውን እንዳለ ይውሰዱት ኦቦ።»

«የሰው ጨርቅ ምን ያደርግልኛል? የኔን ብቻ ፍቺልኝ።»

በምላጭ ክሩን እየበጠስኩ ፈታሁት። አጠገቤ ቆመው ያዩኛል።

«መስኮትሽ ጋ ስመጣ ‹ነገ ይመለሱ› ትይኝ ነበር» አሉኝ። «ዛሬም እንደዚያ እንዳትይኝ ፈርቼ ነበር።» አልሳቁም። ጨርቋን ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡና «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። ድሪቶው ላይ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ቀረ።

በሳምንቱ ክሊኒክ የምትሠራው አትክልት መጣች። የመልስ ቀሚሷ ነበር አንቺ ጋ የነደደው።

«በስልክ ነው የነገረችኝ» አለች።

«ስልኳ ይሠራል እንዴ?»

«ቁጥር አልወጣም። ከኋላዋ የስፌት መኪና ይሰማል። ሥራ ላይ ናት መሰለኝ፣ ቶሎ ዘጋችው።» ከዚያ ተሳቀቀች። «ካልከፈተች ጠብቂ ብላኝ ነበር። ምን አጣልቷችሁ ነው?»

ሹፌሩ ወንዲ ደግሞ እየሳቀ ገባ። «እትዬ ውቤ፣ ሱሪዬ ከነኪሱ ነዷል አሉ። እስቲ የተረፈችውን ቁራጭ ስጪኝ።» ሲቀመጥ ግን ሳቁን ተወው። «ከኋላ ወንበር ሴት ነች የተናገረችኝ። በመስታወት ቀና ብዬ አየሁ፤ ሚኒባሱ ጢም ብሏል፤ የቷ እንደሆነች እንጃ። ሁሉም ወደ ውጭ ነው የሚያዩት።»

ከዚያ ሌሎች መጡ። ሁሉም በቀን፣ ሁሉም ሶስት ጊዜ አንኳኩተው። ሁሉም ድምፅሽን ሰምተዋል፤ ፊትሽን ያየ የለም። ጨርቁን የተሳሳተ አንድም ሰው አልነበረም።

ስድስተኛውን ሆን ብዬ አልከፈትኩለትም። ልሞክር ብዬ ነው። ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ በበሩ ስር እግሩን አየሁ። የዘበኛ ቡትስ ጫማ ነበር። ከሶስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ንቅንቅ አላለም፤ አልተጣራም። ያኔ አንቺ ስንት ደቂቃ ቆመሽ እንደነበር አላውቅም። የሱን ግን ሶስት ሰዓት ሙሉ ቆጠርኩ። ስከፍት ዓባይነህ ነው፤ የፋብሪካው ጥበቃ። አልተቆጣም።

«ጠብቅ ተብያለሁ» አለ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም።

አስረኛዋ ያለፈው ቅዳሜ ወሰደች። ድሪቶው መሀል ላይ በግራ አምስት በቀኝ አምስት ቀዳዳ ቀረ። በመሀላቸው ያ ሰማያዊ ብቻ። መስፋት ካንቺ ተማርኩ፤ መፍታት ግን በእነዚህ ሰዎች ነው የለመድኩት፤ አሁን አንድም ክር ሳላበላሽ እፈታለሁ።

የማን እንደቀረ ለማወቅ ደብተሩን ገለጥኩ። በመዳፌ ሳልሸፍን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አስሩን ስሞች አነበብኩ፤ አስሩም መጥተዋል። አስራ አንደኛው ገጽ ላይ በእጅ ጽሑፍሽ እንዲህ ይላል፦

«ውቤ። ቀሚስ። በዓይን የተለካ። ለገና። እስክታየው እንዳትሰማ።»

ከስሩ ልኩ አለ። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት።

ሜትር አምጥቼ ተለካሁ። ከመስከረም ወዲህ እህል እየከበደኝ ከስቻለሁ፤ የድሮ ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፍተውኛል። አንቺ የምታውቂው የመስከረሙን ወገቤን ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ልክ ግን የዛሬው ነው። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ጣት አይጨምርም፣ ጣት አይቀንስም።

ትናንት ለሀሰኖ ደወልኩ። ያን የመስከረም ማክሰኞ መጥተሽ እንደነበር፣ እንዳልከፈትኩልሽ፣ ጫማሽን እንዳየሁ ነገርኩት። 

«ጫማዋ ምን ቀለም ነበር?» አለኝ።

«አረንጓዴ።»

ስልኩን ዘጋው። ይቅርታ አልጠየቅሁትም። የምጠይቀው እሱን አይደለም።

አስሩ ሰዎች የመጡት አንቺ ጠርተሻቸው ነው። እኔን ማንም አልጠራኝም። ስለዚህ ሰማያዊውን አልፈታሁትም። ቀዳዳዎቹንም አልደፈንኳቸውም። ድሪቶው እንዳለ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል፤ መሀሉ አሁንም ጭስ ይሸታል።

የበሩን መቀርቀሪያ ዛሬ ጠዋት በመዶሻ ነቅዬ ጣልኩት። ጎረቤቶቼ አብዳለች ይሉኛል፤ ይበሉ። ይህን ደብዳቤ አስራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ጨርቁ በነበረበት ቦታ፣ በዚያው ስፒል እወጋዋለሁ። ደብተሩን ደግሞ አንቺ ባስገባሽበት በኩል በበሩ ስር ወደ ውጭ እገፋዋለሁ። እስከዚያው ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ከበሩ ስር ያለውን ያን አንድ ስንዝር አያለሁ።

በሩ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል፤ ማንኳኳት አያሻሽም። ካንኳኳሽ ግን ጠብቂ፤ ቤት ውስጥ ነኝ። በዚህኛው ጊዜ እነሳለሁ። ፊትሽን አሳይተሽ ብትመጪም፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ብትመጪም እነሳለሁ።

በሩን ያልከፈተችልሽ፣
ውቤ