የናሙቴቢ የምርቃት ድግስ ከግቢያችን አይወጣም

ናቡኬንያ፣

ለምሳ የሚሆነው ጥሬ ሙዝ በቅጠሉ ተጠቅልሎ እሳት ላይ ነው። ውኃው እንዳያልቅበት እዪው።

ድንኳን አከራዩ ካሉሌ ትናንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ «የናሙቴቢ እናት፣ የባልዎ እህት እኮ አዳራሽ ይዣለሁ ብላ ሁለቱንም ድንኳን ሰረዘችብኝ» አለኝ። የልጄ ድግስ የት እንደሆነ የሰማሁት ከድንኳን አከራይ ነው።

ዝናብ ፈርቼ ነው አትበይኝ። የሚስት እናት ከልጇ ባል ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንደማትቀመጥ ታውቂያለሽ። ናሙቴቢ ስትዳር ይህን ሥርዓት ያስተማርሻት አንቺ አክስቷ ነሽ። ሁለት ድንኳን ያዘዝኩትም ለዚሁ ነበር፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለባሏ። አዳራሽ ከሆነ ግን እሱ ሲገባ እኔ ውጭ እቀራለሁ። ይህን ስነግርሽ፣ «ታዲያ ምን ችግር አለው? በመስኮት ማየት ትችያለሽ» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

በጎረቤት ፊት መጮኼ ጥሩ አልነበረም። እሱን ይቅር በይኝ።
ያልኩሽን ግን አልመልስም፤ አዳራሹን የመረጥሽው እኔን ውጭ ለማስቀረት ነው።

የምጽፍልሽ ስናገር ስለምታቋርጪኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነውና እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አሁን ወደ ካሉሌ እየሄድኩ ነው። ድንኳኖቹ እዚሁ ግቢያችን ይተከላሉ። ለናሙቴቢ ደውለሽ ድግሱ ቤት ነው በያት።

እስክመለስ ካልደወልሽ እኔ እደውልላታለሁ። ያኔ አዳራሹን ለምን እንደመረጥሽም እነግራታለሁ።

የናሙቴቢ እናት