ታንኳን የማያውቅ ደንብ

ሚያዝያ ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.
ጐንደር

ለክቡር የጎርጎራ የሸራ ጀልባ ማኅበር የበላይ ጠባቂ
ጐንደር

አመልካች፦ አድማሴ በላቸው፣ የማኅበሩ ጸሐፊና የእሽቅድምድም ዳኛ
አድራሻ፦ ጐንደር ከተማ፣ ቁስቋም

ጉዳዩ፦ የማኅበሩ የእሽቅድምድም ደንብ ታንኳን እንደ ጀልባ እንዲቆጥር፣ የገበያ ቀን ውድድር እንዲቀር፣ ጥር ፳፮ ቀን በሐይቁ ላይ ስለጠፋችው ነፍስም ኮሚቴው የዘጋው ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ስለ መለመን።

ክቡር ሆይ፤

ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ሳቀርብ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ለኮሚቴው አቅርቤ ነበር። ለመጀመሪያው «ተመልክተነዋል» የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ፤ ለሁለተኛው ምንም አልተመለሰልኝም። ክቡርነትዎን ማድከሜን አውቃለሁ። እኔም ደክሜአለሁ። ሆኖም ከዚህ በላይ የምሄድበት በር ስለሌለኝ ነገሩን ከሥሩ አስረዳለሁ።

፩. በጣሊያን ጊዜ ጎርጎራ ወደብ ላይ ሸራ ሰፊ ነበርሁ። ንፋስና ገመድ የተማርሁት እዚያ ነው። ከነጻነት በኋላ ከተማ ገብቼ በጽሕፈት ሥራ ኖርሁ። በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. የከተማው መኳንንትና የውጭ አገር ሐኪሞች ተሰብስበው ማኅበሩን ሲያቋቁሙ፣ ሸራም በጽሕፈት መኪና መጻፍም የሚያውቅ ሰው ፈልገው እኔን ጠሩኝ። ስድስት ጀልባዎች አሉን። ዝናብ ካቆመበት እስከሚጀምርበት፣ ከዐቢይ ጾም በቀር፣ በወር አንድ ቅዳሜ ይወዳደራሉ፤ እኔ ከወደቡ የድንጋይ መድረክ ላይ ቆሜ ባንዲራ አወርዳለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ፣ ፊሽካ እነፋለሁ። ሥራውን እወደው ነበር።

፪. ደንቡን ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። ከአንድ የእንግሊዝኛ የጀልባ ደንብ መጽሐፍ ከሐኪሞቹ አንዱ እየነገሩኝ እኔ እጽፍ ነበር። አንቀጽ አንድ ጀልባ ማለት ምሰሶና ሸራ ያለው፣ በማኅበሩ መዝገብ ቁጥር የተሰጠው ነው ይላል። አንቀጽ ሰባት ደግሞ ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ንፋሱን በቀኝ ጎኑ የተቀበለው መንገዱን አይለቅም፣ በግራው የተቀበለው ይለቅለታል ይላል። አንቀጽ ዐሥራ አምስት መቃወሚያ ያለው ተወዳዳሪ በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ በጽሑፍ ያቅርብ ይላል። ሁሉም ሸጋ ደንብ ነው፤ ለስድስቱ ጀልባዎች።

አሁን እዚህ ላይ ለኮሚቴው ያልጻፍሁትን ለክቡርነትዎ እጽፋለሁ። በእንግሊዝኛው ላይ አንድ አንቀጽ ነበረ። ተወዳዳሪ ሁሉ በውሃው ላይ ለሚያገኘው ለማናቸውም ተሻጋሪ፣ ለዓሣ አጥማጅም ቢሆን፣ ተጠንቅቆ መንገድ ይተውለት ይላል። ተርጕሜ ጽፌው ነበር። ደንቡ በሁለት ገጽ ማለቅ ስላለበት ሊቀ መንበሩ ግራዝማች ሀዳነ ረቂቁን አይተው፣ «ይህ ምን ያደርጋል? ከእኛ ሌላ ሐይቁ ላይ ማን አለና?» አሉኝ። እኔ የወደቡ ሰው ነኝ፤ ማን እንዳለ አውቅ ነበር። «እሺ ጌታዬ» ብዬ አወጣሁት። ሐኪሙ ወደ አገራቸው ሲሄዱ የተዉልኝን የመጽሐፉን ገጽ ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ።

፫. ጥር ፳፮ ቀን ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ የሐይቁ ንፋስ ሲነሣ፣ ውድድሩን አስጀመርሁ። መዞሪያዎቹ ሦስት በርሜሎች ናቸው። ሦስተኛውን በርሜል ኮሚቴው በዚያ ሳምንት ታንኳ ወደሚታሰርበት የሐይቅ ዳር ሣር፣ ወደ ደንገሉ አፍ አስጠግቶት ነበር፤ ከመድረኩ ሆኖ ለሚያይ እንግዳ እንዲያምር ተብሎ። ያ ግን የቅዳሜ ገበያ ሰው በታንኳ የሚሻገርበት መንገድ ነው።

አያ ውዱ ሰጠኝ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በዚያ ቀን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፈንታዬ ጋር ከገበያ ይመለሱ ነበር። እርሳቸው ቆመው ይቀዝፋሉ፤ ወይዘሮ ፈንታዬ የገዙትን ጨውና አንድ አዲስ ማሰሮ ታቅፋ ከታንኳው ፊት ተቀምጣለች። ታንኳው ከደንገሉ ሲወጣ አየሁት። የአቶ ክንዱ ማለደ ጀልባ ከሁሉ ቀድሞ ወደ በርሜሉ ይመጣ ነበር፤ ሸራው ወደ ውሃው ተኝቶ ፊቱን ጋርዶታል። ፊሽካውን ወደ አፌ አነሣሁ። ሦስት ጊዜ ከተነፋ ሁሉም ይቆማል። ግራዝማች ከጎኔ ነበሩና፣ «ተው፣ ያልፋሉ። ለታንኳ ብለህ ውድድር ታቆማለህ?» አሉኝ። ደንቡም ፊሽካ የሚነፋው ጀልባ አደጋ ላይ ሲሆን ነው ይላል። ያን ያህል አሰብሁ። ለማሰብ ያባከንሁት ጊዜ ዐሥር ቍጥር አይሞላም።

አያ ውዱ «ምነው! ምነው! ሰው አለ!» ብለው ሲጮኹ መድረኩ ድረስ ተሰማ። አቶ ክንዱ የተፎካካሪ ጀልባ ድምፅ መስሎት «ንፋሱ በቀኜ ነው! መንገድ ልቀቅ!» ብሎ መለሰ። እንደዚያ እንዲል ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ፊሽካውን የነፋሁት የጀልባው አፍንጫ ታንኳውን ከሁለት ሲገምሰው ነበር። ፊሽካው ንፋስ ተቃርኖት ለአቶ ክንዱ አልተሰማውም፤ ደንገል የመታ መስሎት ዞሮ መጀመሪያ ገባ። ሁለተኛው ጀልባ ሸራውን አውርዶ አያ ውዱን ጎተታቸው። ወይዘሮ ፈንታዬን አላገኘም። በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ «አንዲት ሴት» ተብላ የተጻፈችው ወይዘሮ ፈንታዬ ናት፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ደንገሉ ውስጥ ተገኘች። አርባዋ በጾም ወደቀ፤ ተዝካሯ ገና አልወጣም።

፬. በሳምንቱ አያ ውዱ በእግራቸው ጐንደር ድረስ መጡ። በደብተራ ያጻፉትን ማመልከቻ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ለኮሚቴው አቀረብሁት። ኮሚቴው አመልካቹ የተመዘገበ ተወዳዳሪ ስላልሆኑ፣ የተጎዳውም ነገር በአንቀጽ አንድ ጀልባ ስላልሆነ፣ መቃወሚያውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ስላልቀረበ፣ ተቀባይነት የለውም ብሎ ወሰነ። ማኅተሙን የመታሁት በዚች እጄ ነው። ወጥቼ አነበብሁላቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እኔ የት ነበርሁ?» አሉኝ።

«ውሃው ውስጥ ነበሩ አያ ውዱ» አልሁ።

«ስፈልጋት ነበር።»

«አዎ፣ ሲፈልጓት ነበር።»

«እንግዲያ ይህን ለነሱ ንገርልኝ» ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። ነገርሁ። «ደንብ ደንብ ነው» ተባልሁ።

፭. አቶ ክንዱ ማለደ በመምህርነት የሚኖር ሰው ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። የመታው ምን እንደሆነ በማግሥቱ ሲነገረው ቤቴ መጥቶ ከበሩ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። የተሸለመውን ዋንጫ ለኮሚቴው ሊመልስ ወሰደው፤ ዋንጫ የሚመለስበት ሥርዐት በደንቡ ውስጥ የለም ተብሎ አልተቀበሉትም። አሁንም ዋንጫው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንዳስቀመጠው ነግሮኛል። ዳግመኛ ጀልባ ላይ አልወጣም። ይህ አቤቱታ እውነት መሆኑን በፊርማው መስክሯል።

፮. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው የሚከተለውን ነው። ከደንቡ ያወጣሁት አንቀጽ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ታንኳም ሸራና ቁጥር ባይኖረውም ሰው እስከያዘ ድረስ ጀልባ ይባል። ሦስተኛው በርሜል ከደንገሉ አፍ ይነሣ። ውድድር በገበያ ቀን አይሁን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን የሚጎድል ነገር የለም። በውሃ ላይ የተጎዳ ማንም ሰው፣ ተወዳዳሪ ባይሆንም፣ ሐዘኑ እስኪበርድለት ድረስ አቤት ለማለት ቀን ይሰጠው። የጥር ፳፮ ውጤት ይሰረዝ። ኮሚቴውም በሙሉ ተሰብስቦ ወደ አያ ውዱ ቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ከፊት ሆኜ።

ስለ ራሴ ምሕረት አልለምንም። አንቀጹን ስላወጣሁና ፊሽካውን ስላዘገየሁ ኮሚቴው ሊቀጣኝ ቢወስን ፍርዱን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ እኔን ቀጥተው ደንቡን እንደነበረ እንዳይተዉት እፈራለሁ፤ ያ ለእነሱ ይቀላልና።

፯. የሚያስቸኩለኝም አለ። የሚቀጥለው ውድድር ግንቦት ፬ ቀን ቅዳሜ እንደሚሆን ማስታወቂያው ተለጥፏል። በርሜሎቹ በዚያው በቦታቸው ናቸው። በዚህ ሳምንት ጎርጎራ ወርጄ አያ ውዱን አገኘኋቸው፤ ደንገል አጭደው አዲስ ታንኳ አስረው ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ብቻቸውን ይቀዝፉበታል። «ግንቦት አራት ቀን ባይሻገሩ ምን አለ አያ ውዱ?» ብዬ ለመንኋቸው። «ገበያው ቅዳሜ ነው። ጨው ከየት ላምጣ? እናንተ ሌላ ቀን አላችሁ» አሉኝ። በእግር ባሕረ ሰላጤውን ለመዞር አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ እርሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው ከዚያች ቀን ወዲህ አልጸናም።

ስለዚህ የክቡርነትዎ ውሳኔ ከግንቦት ፬ ቀን በፊት እንዲደርሰኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሳይደርሰኝ ቢቀር፣ በዚያ ቀን ባንዲራ የሚያወርድ ሌላ ሰው እንዲፈለግ ከወዲሁ አስታውቃለሁ። እኔ ከስምንት ሰዓት በፊት ገበያው ዳር ወርጄ፣ አያ ውዱ ከፈቀዱልኝ፣ ወይዘሮ ፈንታዬ በተቀመጠችበት በታንኳው ፊት ተቀምጬ አብሬአቸው እሻገራለሁ። ዋና አላውቅም። የማኅበሩ ጸሐፊ ግን እንደ ጀልባዎቹ በመዝገቡ የአባልነት ቁጥር አለው፤ ደንቡ ለታንኳው መንገድ ባይለቅ ለእኔ ይለቅ እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን።

ከአክብሮትና ከልብ ሰላምታ ጋር፤

አድማሴ በላቸው
(ፊርማ)

ይህ እውነት ለመሆኑ ምስክር፦ ክንዱ ማለደ (ፊርማ)

አባሪ፦ ከእንግሊዝኛው ደንብ አንድ ገጽ፤ የአያ ውዱ ሰጠኝ ማመልከቻ፣ ማኅተም እንደተመታበት።