የበረዶ ዘፈን በሙቀት ወር

ይድረስ ለወንድምዓለም ሹንፔይ፤

አስፋልት በሚያቀልጠው በዚህ ሙቀት፣ ኦኪናዋ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ደህና ነን።

ከራዲዮ ጣቢያው ተባርሬአለሁ። ጣቢያችን የአበባውን ዘፈን በጸደይ፣ የርችቱን በሙቀት፣ የበረዶውን በብርድ ወር ብቻ እንደሚያሰማ ታውቃለህ። ባለፈው ሳምንት እማዬ በቀጥታ ስርጭት ደውላ የበረዶውን ዘፈን ጠየቀች። አለቃዬ ሙራሴ ሳቀባት።

«እማማ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብተው ነው የሚደውሉት?»

«ሳቅህን ተወውና ክፈትልኝ! ልጄ በረዶው ሳይበረታ ይመጣል» አለችው።

እኔም ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አሰማሁላት። ሙራሴ «አድማጮችን ይቅርታ ጠይቂ» ሲለኝ፣ «መጀመሪያ አንተ እሷን ጠይቅ» አልኩት። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እለዋለሁ።

እማዬ በርትታለች፣ ምግብም ትበላለች። የብርድ ወር ካፖርትህን በየማለዳው አውጥታ በራፍ ላይ ትሰቅለዋለች። ትናንት ቁርስ ላይ አየት አደረገችኝና፣ «ይቅርታ እመቤት፣ ልጄን መንገድ ላይ አላዩትም?» አለችኝ። «አይቼዋለሁ፣ እየመጣ ነው» ብዬ ሻይ ቀዳሁላት።

ለአያቶች መታሰቢያ በዓል ዘንድሮ አትቅር። ስትደርስ ዘለህ አትቀፋት፤ መጀመሪያ ቆም በልና ስምህን ንገራት።

የባሕሩ ነፋስ ቀዝቀዝ ብሎ ይንፈስልህ፤ ጤናህን ጠብቅ።

እህትህ ካናኤ