የጋሽ መሐመድ የፊት ጥርስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የበደሳው ጫት ነጋዴ ጋሽ መሐመድ ዛሬ ጭሮ ከተማ ወዳለው የጥርስ ክሊኒኬ መጡ፤ በተሰበረው የፊት ጥርሳቸው ላይ ዚርኮኒያ ከሚባል ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ የተሠራ ሽፋን ገጠምኩላቸው። ከተሰበረ ወዲህ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይከልሉ ነበር።

መጀመሪያ «ወርቅ አድርጊልኝ፣ ይታይ!» ብለው ሞግተውኛል። እኔም ግትር ነኝ። «ይሄም አይበገርም፤ ደግሞ ጥርስ ጥርስን መምሰል አለበት» አልኳቸው። ቀለሙንም ወተት አላስመሰልኩትም፤ ጫት ካበለዘው ከጎኑ ጥርስ ጋር አመሳስዬ አሠራሁት።

ባለቤታቸው ገብተው አፋቸውን አስከፈቷቸው። ትክ ብለው አዩና ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ዋላሂ ዶክተር፣ ይሄኛው የውሸት መሆኑ ያስታውቃል!»

በጣታቸው የነኩት ከጎኑ ያለውን፣ ጋሽ መሐመድ አብረውት ያረጁትን የራሳቸውን ጥርስ ነው! ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ጋሽ መሐመድ ከት ብለው ሳቁ። አፋቸውን አልከለሉም።