ድምፄ የት ሄደ?

ጥቅምት 3 ቀን 1972

ዛሬም ቀደስኩ። ዛሬም ድምፄ እንደ አሮጌ ወናፍ ነፋስ ብቻ አወጣ። ከሕዝቡ ግማሹ የቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ የለም። የቀሩት አሮጊቶች ናቸው፤ እነሱም ያዛጋሉ።

ሲያበቃ ገበዙ ቄስ አራጌ ጠጋ አለኝ። «ወንድሜ ወልደሩፋኤል፣ አይክፋህና… ለጥር ማርያም ከአቀስታ ድምፀ መልካም ቄስ እናስመጣ ይላሉ።»

«እናንተ እንዳላችሁ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ከጎረምሳነቴ ጀምሮ የቆምኩበት መቅደስ ነው።

ባለቤቴ በለጥሻቸው ከሞተች ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት። ዕድሜ ነው? ኃጢአት ነው? ጎረቤት ቡዳ በላው ይላል…

ጥቅምት 7

ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ምናለ በባትሪ አብርቶ ጉሮሮዬን አየ።

«ጉሮሮዎ ደህና ነው አባ። ችግሩ ከዚህ ነው» ብሎ ግንባሬን ነካ። «ሰው ኀዘን ሲበዛበት ጭንቅላቱ ሌላውን ሁሉ ይቆልፈዋል። እጁንም፣ ድምፁንም።»

«መድኃኒቱስ?»

«የሚያስቅዎት ሰው ይፈልጉ።»

ቀለደብኝ መሰለኝ። እኛ ልብ ስንል እነሱ ጭንቅላት ይላሉ። የትኛውም ይሁን… ተቆልፏል።

ጥቅምት 22

ማንበብ ስለምችል ቀበሌው መሠረተ ትምህርት አስተምር ብሎኛል። ዛሬ ንግሥቴ የምትባል ሴት ሰሌዳ ፊት አቆምኩ። ባሏ ለሚሊሻ ተወስዶ ኦጋዴን ሞቶ ቀርቷል፤ ገበያ ላይ ጨው ትሸጣለች። ትናንት ያነበበችውን ፊደል ዛሬ ጠፋት።

«ምነው? ታውቂው አልነበረም?»

«አውቀው ነበር አባ። ፊትዎን ሲያይ ጊዜ ደንግጦ ሸሸኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ… በለጥሻቸው ከተቀበረች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። ንግሥቴ ሳቄን ስታይ ፊደሉን አነበበችው። የሚቀጥለውንም።

ኅዳር 21

ድምፄ መጣ! የጽዮን ማርያም ቅዳሴ ላይ። ከየት መጣ? እንጃ። ገበዙ ዞሮ ዞሮ አየኝ።

ስመለስ ባለ ሱቁ እንድሪስ መንገድ ላይ ያዘኝ። «አባ! ዛሬ ከሱቄ ድረስ ተሰሙ። ማሻ አላህ! ምን ቢበሉ ነው?»

«ጾመኛ ምን ይበላል?»

«እንግዲያማ አንድ ነገር አለ» ብሎ በዐይኑ ሳቀብኝ።

ኅዳር 29

ሰሞኑን በስብሰባ ምክንያት ትምህርት አልነበረም። ንግሥቴን አላየኋትም። ዛሬ ስቀድስ ድምፄ የለም።

አሁን ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 11

ሌሎቹ ወጥተው እሷ ወንበር ስታነሳሳ ቀረች።

«አባ፣ እኔን ሲያዩ ይስቃሉ። ሌላውን ሲያዩ ግን ለቅሶ የሚደርሱ ይመስላሉ።»

«እኔ ቄስ ነኝ፣ ንግሥቴ።»

«ማን ደብተራ ነዎት አለ? እኔ ነፍስ አባት አለኝ። የጎደለኝ ባል ነው።»

ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሁለተኛ አያገባም። ካገባ አፈረሰ ይባላል፤ መቅደስ አይገባም፣ ሥጋ ወደሙን አይነካም። ይህን ታውቃለች። ወንበሩን አስቀምጣ ሄደች።

ታኅሣሥ 20

ለንስሐ አባቴ ለአባ ተክለ ሃይማኖት ሁሉንም ነገርኩ። የማየው ነገር እንዲህ ነው አልኳቸው፤ የምታስቀኝ ሴት ድምፄን ትመልሳለች፣ እሷን ካገባሁ ደግሞ ድምፄን የማሰማበት መቅደስ ይዘጋብኛል።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡ። «ድምፅ ብቻ ከሆነ ዝንጅብል አለ ልጄ።»

«ድምፅ ብቻ ባይሆንስ?»

«እንግዲያው አትያት።»

እሺ አልኩ። ማስተማሩን ለሌላ ሰጠሁ።

ጥር 10

ዝንጅብሉ አፌን አቃጠለው። ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ደክሞኛል… መተኛትም ያደክማል?

ጥር 21

የአቀስታው ቄስ መንገድ ላይ ታሞ ቀረ። ቀዳሹ እኔው ሆንኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። አፌን ስከፍት… ምንም። ገበዙ አንገቱን ደፋ።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን እዚህ ልጻፈው። ታቦቱ ፊት ቆሜ እሷን አሰብኩ። «ደንግጦ ሸሸኝ» ስትል የነበረውን ፊቷን። ሆነ ብዬ ነው፤ ድምፄ እንዲመጣልኝ። መጣ። እንደ ዛሬ አምሮ አያውቅም። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ሽማግሌዎቹ ጉልበቴን ሊስሙ መጡ።

ሕዝቡ የሰማው ምስጋና ምን ነበር? ማንን ነበር የማመሰግነው?

ጥር 22

ለአባ ተክለ ሃይማኖት ነገርኳቸው። ዛሬ አልቀለዱም። «ሁለቱን አንድ ላይ መያዝስ አትችልም። የትኛውን እንደምትለቅ ጾሙን ጹመህ ንገረኝ።»

የካቲት 20

ጾም። ስግደት። በለጥሻቸውን በሕልሜ አየኋት፤ ምንም አላለችኝም።

ሚያዝያ 5

ንግሥቴን ላገባ ነው ብዬ ለገበዙ ነገርኩት። እቃ ቤቱ በር ላይ ቆመን ነበር።

«ለአንዲት ጨው ሻጭ?»

«ለጨው ሻጭ።»

«ድምፅህ እኮ ተመልሶ ነበር፣ አንተ ሰው!»

«የተመለሰበትን መንገድ አታውቅም።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልጠየቀኝም፤ እግዜር ይስጠው። ልብሰ ተክህኖዬን አጥፌ አስረከብኩ። እሱ ደግሞ ዘርግቶ እንደገና አጠፈው… እጅ ሥራ እንዲይዝለት ነው መሰለኝ።

ሚያዝያ 19

ንግሥቴን አገባሁ። ሽማግሌዎች፣ ጠላ፣ ዳቦ። ያልመጣው ሰው ከመጣው ይበልጣል። እንድሪስ ስኳር ልኮልናል።

ግንቦት 1

ልደታ። ከደብተራዎቹ ጋር ቅኔ ማኅሌት ቆምኩ። አንዳንዱ ሰው ሳያየኝ አለፈ። የመቅደሱ መጋረጃ ሲዘጋ እስከ ዛሬ ከውስጥ ነበርኩ። ዛሬ ከውጭ ሆኜ አየሁት። እንዲህ ወፍራም ነው?

ሕዝቡ ሊቆርብ ሲሰለፍ ዝማሬውን ምራ አሉኝ። አይወጣልኝም ብዬ ነበር። ወጣ። እንደ ጥር ማርያሙ የሚያምር አይደለም፤ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ፣ እንባዬም መጣ። እሷን አላሰብኩም፤ ማንንም አላሰብኩም። እንዲሁ ከነስንጥቁ ጨረስኩት።

ቤት ገብተን ምሳ ስታቀርብ ቀና ብላ አየችኝ።

«መሀሉ ላይ አለቀስክ። ለበለጥሻቸው ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለማን?»

«ለመቅደሱ።»

ወጡን እያወጣች «አንድ ጣውንት ያለብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለት ናቸው» አለች። አልሳቀችም።

«ንግሥቴ…»

«በል ብላ፣ ይቀዘቅዛል። ሁለቱንም እችላቸዋለሁ።»

በላሁ።