SFO ሳይሆን SJC

ውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ደህና ነኝ እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዘንድሮ ጤናሽን ትቼ ጉልበትሽን ነው የምጠይቀው። ቀኙ እንዴት ሆነልሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድሜ አብኔርም ደህና ነው፤ ኦክላንድ ታክሲውን ይነዳል፣ ከእኔ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ወፍሯልም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገሽ ሰፈሩን ሁሉ ስለምታሰሚ ነው። ለዚህ ነው ለእረፍት ወደዚያ በምትሄደው በጓደኛዬ በወንጌላዊት እጅ የላክሁት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ትኬትሽ ተቆርጧል፤ ከደብዳቤው ጋር ታገኚዋለሽ። እያንዳንዱ አየር ማረፊያ በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል የሚታወቅበት አጭር ስም አለው። ሻንጣ መንገዱን የሚያገኘው በዚያ ስም ነው። አዲስ አበባ ADD ነው፤ ከዚያ ዋሽንግተን IAD፣ ቀጥሎ ዴንቨር DEN፣ መጨረሻው እኔ ያለሁበት ሳን ሆዜ SJC። ሦስት አውሮፕላን ማለት ነው። ሌሎቹን እርሺያቸው፤ SJCን ብቻ ያዢልኝ። የመጀመሪያው ፊደል እባብ ይመስላል፣ መካከለኛው የተገለበጠ ከዘራ፣ የመጨረሻው ግማሽ ጨረቃ። ቦሌ ሻንጣሽ ላይ በሚያስሩት ወረቀት ላይ ሦስቱን ካላየሽ ከቆምሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ።

አብኔር በዚህ ተቆጥቶኛል። SFO የሚባለው የሳን ፍራንሲስኮው ትልቁ አየር ማረፊያ ነው። «SFO ቡክ ብታደርጊላት አንድ አውሮፕላን ይቀንስላታል፣ እኔ ራሴ ፒክ አደርጋታለሁ፤ በስተርጅና ዴንቨር ምን አድርጊ ብለሽ ነው የምታንከራትቻት?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ግን ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቴን ለመንገር ደግሞ መጀመሪያ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ።

እኔ ቢሮ አልሠራም፣ እማዬ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ልጄ ኤርፖርት ቢሮ ውስጥ ናት» እያልሽ ስታወሪ ሰምቼ ዝም አልኩ። ሳሎን የሰቀልሽው ፎቶ ላይ ያለው ጠረጴዛ የጓደኛዬ የያለምዘውድ ነው፤ ያነሳችኝም እሷው ናት። እኔ ሳን ሆዜ አየር ማረፊያ ዊልቸር ገፊ ነኝ። መራመድ የሚያስቸግረውን መንገደኛ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብዬ እስከ ውጭ አደርሳለሁ። አፍሬበት ነበር፤ አሁን አላፍርም። ስንት እናት በእጄ አለፈች መሰለሽ! የእኛ እናቶች ደግሞ ይለያሉ። እግራቸው ደህና ሆኖ ቋንቋው ስለሚያስቸግራቸው ብቻ ዊልቸር ያዛሉ፤ ገፊው በየበሩ ያሳልፋቸዋላ! ባለፈው አንዷን መውጫው ጋ ሳደርሳት የልጅ ልጆቿን አይታ ከወንበሩ ዘልላ ተነሳችና ሮጣ አቀፈቻቸው። አጠገባችን የነበረው ፈረንጅ ተአምር ያየ መስሎት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ።

አምና «እኔ ሽባ ነኝ ወይ? አሜሪካ ተገፍቼ አልገባም» ብለሽ ጉዞውን ስትሰርዢ በጣም ነበር የከፋኝ። ኩራት ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ጎረቤትሽ እትዬ እጅጋየሁ ነገሩኝ፤ ግድግዳ ይዘሽ እንደምትሄጂ፣ ደረጃ ከወጣሽ ወራት እንዳለፈሽ፣ ለእኔ እንዳይነግሩኝም እንዳስማልሻቸው። አትቆጪያቸው። እኔ ሥራዬን ደበቅሁሽ፣ አንቺ ጉልበትሽን ደበቅሽኝ። ኩራቱን ከማን እንደወረስኩት ታወቀ እንግዲህ።

አሁን ምክንያቴን ስሚ። SFO ብትወርጂ የሚገፋሽ የማታውቂው ሰው ነው፤ እኔ እንደማንኛውም ተቀባይ ውጭ ቆሜ አንገቴን አሰግጋለሁ። SJC ግን የእኔ ነው። እዚያ ዊልቸር የታዘዘለት መንገደኛ ካለ አውሮፕላኑ በር ድረስ እገባለሁ። አለቃዬን አነጋግሬ ጨርሻለሁ፤ የዚያን ዕለት በረራሽ ለእኔ ተመድቧል። ዋሽንግተንና ዴንቨርም እንደኔ ያሉ ልጆች ይቀበሉሻል፤ ዋሽንግተን ሻንጣሽን አንስተው መልሰው ያስረክቡልሻል። ሳልጠይቅሽ ትኬትሽ ላይ ዊልቸር አስመዝግቤያለሁ። ቦሌ ላይ «አልፈልግም» ካልሽ ይሰረዛል፣ እኔም ውጭ እቀራለሁ። እባክሽ አትበዪ።

ስለ ፎቶውም ስለ ውሸቱም የምትዪኝ እንዳለሽ አውቃለሁ። ቤት ገብተን፣ እግርሽን ዘርግተሽ፣ የፈለግሽውን ያህል ትቆጪኛለሽ። በሩ ላይ ሰማያዊ ጃኬቴን ለብሼ ወንበሩን ይዤ ስታዪኝ ግን ምንም አትናገሪ። ቁጭ በዪልኝ ብቻ። ከተቀመጥሽ ይገባኛል።

የአባቴ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከደመናው በላይም ከደመናው በታችም በእጁ ይያዝሽ። ዕድሜሽን ለእኛ ያርዝምልን፣ አሜን።

ውጭ የማትጠብቅሽ ልጅሽ፣
ከሳን ሆዜ